ንፋስ የማይገባበት ቤት

የሰው ልጅ ከዋሻ ወጥቶ ቤት መሥራት ከጀመረ ወዲህ በመኖሪያ ቤት ታሪክ የተወሰዱት ታላላቅ እርምጃዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የተወሰደው በናይሮቢ ከተማ፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ውስጥ ሲሆን፣ እርምጃውን የወሰዱትም አቶ ባንታየሁ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው የነገሩን ታላቅነት ባለመረዳታቸው አይፈረድባቸውም። በወቅቱ የታያቸው አቧራው ብቻ ነበር።

አቶ ባንታየሁ የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ናቸው። ድርጅቱ ለቀዝቃዛ አገሮች ስለሚሠሩ ኃይል ቆጣቢ ቤቶች ፊንላንድ ውስጥ በሚሰጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ አንድ መሐንዲስ እንዲሳተፍ ወስኖ ነበር። መሐንዲሱ ቪዛ ተከለከለ። የአቶ ባንታየሁ ፓስፖርት ላይ ግን ጊዜው ያላለፈ ቪዛ ስለተገኘ፣ ቦታው ባክኖ ከሚቀር ተብሎ እሳቸው ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን ቤት እንዴት እንደሚታሸግ ተማሩ፤ ግድግዳው በአሉሚኒየም ፎይል ይለበጣል፣ ቀዳዳው ሁሉ በፎም ይደፈናል፣ ሙቀት አይወጣም፣ እርጥበት አይገባም። በሁለተኛው ቀን ደግሞ የታሸገ ቤት አየር ስለሚያገኝበት መንገድ ትምህርት ነበር ይባላል። አቶ ባንታየሁ በዚያ ቀን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ውባንቺ ካፖርት ሊገዙ ገበያ ወጥተው ነበር። የምስክር ወረቀቱ ግን ለሁለቱም ቀን ነው።

ሥልጠናው እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን እውነት ነው ያረጋገጠላቸው። አቶ ባንታየሁ ባደጉበት ሰፈር ሰውን የሚገድለው ጦርነትም ረሃብም ሳይሆን ንፋስ ነው። በሕይወታቸው ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት መስኮት በአንድ ጊዜ እንዲከፈት ፈቅደው አያውቁም። አሁን ግን ፈረንጅም ከጎናቸው ቆመ።

"ውቤ፣ ይህን ቤት የሠራው ሰው ከየመስኮቱ በላይ የማይዘጋ ቀዳዳ ትቷል" አሉ በተመለሱ ማግስት፣ ሳሎኑ መሐል ቆመው።

"የናይሮቢ ቤት ሁሉ እንደዚያው ነው።"

"እንግዲያው ከተማው በሙሉ አደጋ ላይ ነው።"

ሥራው ባስቸኳይ ተጀመረ። ፉንዲ የሚባሉት የናይሮቢ ግንበኞች ከኢምባካሲ ሰፈር መጥተው ግድግዳውንና ጣሪያውን በሚያብለጨልጭ ፎይል ለበጡ። ቀዳዳዎቹን ደፈኑ። የጓሮውን በር በፎም ሞሉት፣ መስኮቶቹን በሲሊኮን አጣብቀው ሁለተኛ መስታወት ደረቡባቸው። ከሁሉ የሚያኮራው ግን የፊት ለፊቱ በር ነበር። ኤርፖርት አጠገብ ከፈረሰ የአበባ ማቀዝቀዣ መጋዘን የተገዛ፣ ዙሪያውን ወፍራም ጎማ የተለጠፈበት፣ ሲዘጋ "እፍ" ብሎ የሚተነፍስ በር ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የተነፈሰ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

የጥራት ፍተሻውን አቶ ባንታየሁ ራሳቸው በጧፍ አካሄዱ። ጧፉን አብርተው በየግድግዳው ሥር ሲዞሩ ነበልባሉ ውልፍት አላለም። በሩ ጋ ሲደርሱ ብቻ፣ ከውስጥ እጀታው ሥር፣ ትንሽ ተወዛወዘ። እጀታው ወዲያውኑ ተነቅሎ ቦታው ተደፈነ። ከዚያ ወዲያ በሩ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ሆነ፤ መውጣት የፈለገ ሰው ደወል ይደውላል፣ ዘበኛው መጥቶ ይከፍትለታል።

"በገዛ ቤቱ ውስጥ በር የሚከፈትለት ስንት ሰው አለ?" ይሉ ነበር አቶ ባንታየሁ።

አበረታች ውጤቶች መመዝገብ የጀመሩት በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ፎይሉ የስልክ ኔትወርክ ስለማያሳልፍ ቤተሰቡ እርስ በርሱ መነጋገር ጀመረ። ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ጫማዎች አረንጓዴ ሻጋታ ለበሱ። ግድግዳው ጠዋት ጠዋት ያልበው ጀመር።

"እርጥበት አይገባም አላልክም?" አሉ ወይዘሮ ውባንቺ።

"አልገባም። ይሄ ከውስጥ የነበረው ነው።"

"ባለፈው እሑድ የሠራሁት ወጥም ከውስጥ ነው። ወጡ ካለቀ ቀናት ሆነው፣ ሽታው ግን አሁንም ሳሎን ተቀምጧል።"

"ኃይል ቆጣቢ ማለት ይሄ ነው" አሉ አቶ ባንታየሁ በኩራት።

ይህ ታላቅ ሥራ አንድ ጠላት ብቻ ነበረው፤ እሱም ፍቅር ነው። ልጃቸው ሜሮን፣ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው፣ ሕዝቅያስ የሚባል ጨዋ ልጅ ወዳ ነበር። ሕዝቅያስ ኢስትሊ ገበያ ውስጥ ሱቅ አለው።

"ምን ይሸጣል?" አሉ አባት።

"ቬንቲሌተር።"

"ንፋስ ማለት ነው።"

"ዳዲ፣ ፋን ነው። ኤቭሪባዲ ይገዛል።"

"እኔ ንፋስ ለማስወጣት ይህን ሁሉ ስደክም፣ ንፋስ የሚቸረችር አማች ላስገባ?"

አንድ ቀን ሕዝቅያስ ሜሮንን ሸኝቶ መጥቶ ሳለ ግቢው ውስጥ ሲያገኙት፣ አቶ ባንታየሁ ጣታቸውን ወደ በሩ ቀስረው፣ "ስማ፣ እኔ በአፌ ልጄ ብዬ ካልጠራሁህ በቀር እጅህ ይህን በር እንዳይነካ" አሉት። ልጁም አንገቱን ደፍቶ፣ "ቃልዎን አከብራለሁ" አለ። ቃል ማክበሩ ወደፊት ምን እንደሚያስከትል ያሰበ ማንም አልነበረም።

የሕዝቅያስ ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልኩ ተስማሙ፤ ነገር ግን ኩሩዎች ነበሩና፣ "የምንልከው አንዴ ነው፤ እምቢ ካሉ ዳግመኛ ደጅ አንጠናም" አሉ። ሜሮን ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣች። አባቷ ግን ልባቸውን እንደ መስኮታቸው አጣብቀውት ነበር።

በሐምሌ አንድ ብርዳም እሑድ፣ ካፊያው ሳያባራ፣ አምስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ሕዝቅያስ በወጉ መሠረት ግቢው ውስጥ መኪናው አጠገብ ቀረ። ዘበኛው ሽማግሌዎቹን አስገብቶ፣ በሩን "እፍ" አድርጎ ዘግቶ፣ የጸሎት ሰዓቱ ደርሷልና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከኩሽና ሦስት ድስት በአንድ ላይ ይንተከተካል።

"ተቀመጡ እንጂ" አሉ አቶ ባንታየሁ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ፣ ባለምግብ ቤቱ ጋሽ ባልቻ። ከዚያም ከአዳምና ሔዋን ጀምረው በአብርሃም በኩል ወደ ሕዝቅያስ መምጣት ጀመሩ። ይስሐቅ ጋ ሲደርሱ ግንባራቸው አላበው። ያዕቆብ ጋ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አጠረ።

"ዳዲ፣ አየር የለም። የሆነ ነገር እንክፈት፣ ፕሊስ" አለች ሜሮን።

"ኧረ ልጄ!" አሉ ጋሽ ባልቻ ደንግጠው። "እንዲህ አልቦን? ንፋስ ሊመታን?" የቀሩት አራቱ ሽማግሌዎችም ጋቢያቸውን አጥብቀው እየተንጠባጠቡ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

አቶ ባንታየሁ በእንግዶቻቸው ሥልጣኔ ልባቸው ተነካ። ጧፋቸውን አብርተው፣ "ይኸው፣ ነበልባሉ አይነቃነቅም" ብለው አሳዩ። በእርግጥም አልተነቃነቀም። ትንሽ ቆይቶ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

"ጧፍም ይቆጥባል" አሉ አቶ ባንታየሁ እያለከለኩ። ቀጥለውም ጉሮሯቸውን ጠርገው ውሳኔያቸውን አሰሙ፤ "የቀረበውን ጥያቄ በጥሞና ተመልክተነዋል። ሆኖም አመልካቹ የተሰማራበት የሥራ ዘርፍ ከቤታችን አቅጣጫ ጋር የማይጣጣም ስለሆነ ጥያቄውን ለመቀበል እንቸገራለን።"

ሜሮን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሽማግሌዎቹ በቁጣ ዞረው ወደ በሩ አመሩ። ቁጣቸው ግን በሩ ጋ ሲደርስ የሚይዘው እጀታ አጣ።

ደወሉ ተደወለ። ዘበኛው የለም። ስልኮች ወጡ። ኔትወርክ የለም። ጋሽ ባልቻ፣ ጉዳያቸው ተሰምቷልና፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ውባንቺ ዓይናቸውን ወደ ባለቤታቸው አዞሩ፤ ትዳር ከያዙ ጀምሮ እንደዚያ አይተዋቸው አያውቁም። አቶ ባንታየሁ ደረታቸውን ይዘው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ፍርሃት ፈሩ።

"ሕዝቅያስ ውጭ አለ" አለች ሜሮን ቀስ ብላ። "ግን በሩን አይነካም። ራስህ ነህ ያልከው።"

አቶ ባንታየሁ መስኮቱን ደበደቡ። ፍርግርጉ ጠንካራ፣ መስታወቱ ድርብ ነበር። ሕዝቅያስ ድምፅ አልሰማም፤ የሚንቀሳቀስ ጥላ አይቶ ግን ቀረብ አለ። መስታወቱ ከውስጥ በእንፋሎት ነጭ ሆኖ ስለነበር አቶ ባንታየሁ በጣታቸው "ክፈት" ብለው ጻፉበት። ሕዝቅያስ የተገለበጡትን ፊደሎች ከውጭ እየተንጠራራ አነበበ። ከዚያም ራሱን በትሕትና ነቀነቀ፤ እጁን አሳያቸው፣ በሩን አሳያቸው፣ አንገቱን ደፋ።

"ቃሉን እያከበረ ነው" አለች ሜሮን።

"ጨዋ ልጅ ነው ብለናል እኮ" አሉ ጋሽ ባልቻ ከወለሉ ላይ፣ በቀረቻቸው ትንፋሽ።

አቶ ባንታየሁ ልጃቸውን አዩ፣ የጠፋውን ጧፍ አዩ፣ ከዚያም "ክፈት" ከሚለው ፊት "ልጄ" ብለው ጻፉ። በሩ "እፍ" ብሎ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ተጋፍተው ወጡ። ጋሽ ባልቻ ካፊያው ውስጥ ቆመው አንዴ አስነጠሱና፣ "ይኸው፣ አሁን ገና ንፋስ መታኝ" አሉ።

ሠርጉ በመስከረም ሆነ። ከጥሎሹ መካከል፣ በሙሽራዋ አባት ልዩ ጥያቄ፣ አንድ የግድግዳ ቬንቲሌተር ነበረበት። በመልሱ ዕለት ሽማግሌዎቹና ዘመድ አዝማዱ ሳሎኑን ሞልተው ሳሉ፣ አቶ ባንታየሁ በመስኮቱ አናት፣ ልክ ቀድሞ ደፍነውት በነበረው ቀዳዳ ላይ ከተተከለው ቬንቲሌተር ፊት ሪባን ቆረጡ።

"ይህ የፕሮጀክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው" አሉ። "ከመጀመሪያውም በዕቅዳችን ውስጥ የነበረ ነው።"

ተጨበጨበ። ቬንቲሌተሩ መዞር ጀመረ። ቀዝቃዛና ንጹሕ አየር ሳሎኑን ሞላው። ሜሮን ከስንት ወር በኋላ በአባቷ ቤት ውስጥ በረጅሙ ተነፈሰች።

ጋሽ ባልቻ ጋቢያቸውን ወደ ማጅራታቸው ሳቡ። ጎናቸው ያሉትን ሽማግሌ አዩ፤ እሳቸውም ስበዋል። "ጌታው ባንታየሁ" አሉ በአክብሮት፣ "ደስታችሁን ላለመረበሽ ታግሼ ነበር። ግን ከኋላዬ ንፋስ እየመጣብኝ ነው። ያቺን ቀዳዳ የሚደፍንልን ሰው ይኖራል?"

አቶ ባንታየሁ እንግዳ የሚያሳፍሩ ሰው አይደሉም። ቬንቲሌተሩን አጥፍተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ሕዝቅያስ ተነሥቶ የሙሽራዋን እጅ ይዞ ወጣና፣ በሩን ከውጭ በኩል እንዳይዘጋ ገርበብ አድርጎ ይዞ ቆመ። ቀዳዳው ላይ የተጠቀጠቀው የወይዘሮ ውባንቺ የፊንላንድ ካፖርት ከተገዛ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግሎት ላይ ዋለ።