ጋሽ ጥናቱ ከመስመሩ ውጭ

ስለ ቤተሰብ ከሁሉም አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ያላገባውና ያልወለደው ነው። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ምክንያቱን ከሁለቱም ቀድሞ ይደርስበታል። ልጅ ስታለቅስ እናት መሀረብ ስትፈልግ እሱ መጽሐፍ ይፈልጋል። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ እንደገና ቁጠሩ፤ አንድ ጥግ ተቀምጦ ማስታወሻ እየያዘ ይሆናል።

በሰፈሩ በምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ይህን ሹመት የያዙት ታላቅ ወንድሟ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸው መታወቂያቸው ላይ ቀርቷል። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «ጥናቱ እንደሚያሳየው» ስለሚሉ ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ጥናቱ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስልክ ሲያነሱ «አቤት፣ ጥናቱ ነኝ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሥራቸው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማኅበራዊ ሳይንስ መጻሕፍትን ሲያወጡና ሲመልሱ፣ ተማሪ ከመግቢያው አልፎ የማያውቀውን ወፍራም መጽሐፍ ሁሉ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብበዋል። እህታቸው ቤት የመጡት ለሁለት ሳምንት ነበር። ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ይዘው ከስፌት ክፍሉ ጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍል ከገቡ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው።

ችግሩ፣ ክቡር ሊቁ አዲስ መጽሐፍ ባነበቡ ቁጥር የቤቱ ሕግ አብሮ መቀየሩ ነው። አንድ ሰሞን ያነበቡት መጽሐፍ ማኅበረሰብ እንደ ሰው አካል ነው፣ ቤተሰብም ልጅ የሚያሳድግ፣ ሥርዓት የሚያስተምርና የደከመውን የሚያሳርፍ የዚህ አካል ክፍል ነው ይል ነበር። ሁሉም ድርሻውን ከተወጣ አገር ጤና ይሆናል። የልብስ ሰፊዋ ባል የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከሥራ መጥቶ ሶፋው ላይ ጋደም ሲል ጋሽ ጥናቱ ልጆቹን በጣታቸው ዝም እያሰኙ፣ አባታችሁ ድርሻውን እየተወጣ ስለሆነ እንዳትረብሹት ይሉ ነበር። ሾፌሩ በዕድሜው እንደዚያ ሰሞን ሳይንስን ወዶ አያውቅም።

ደስታው ግን አልሰነበተም። ቀጣዩ መጽሐፍ ቤተሰብ የሥልጣን ትግል የሚካሄድበት ሜዳ ነው አለ። ጋሽ ጥናቱ የቴሌቪዥኑ ሪሞት በማን እጅ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አንድ ሳምንት ሙሉ መዝግበው ውጤቱን እሑድ ምሳ ላይ አነበቡት። ሾፌሩ ሰባ ሁለት በመቶ፣ ሁለቱ ልጆች ሃያ ስምንት በመቶ፣ ልብስ ሰፊዋ ባዶ። ልብስ ሰፊዋ እስከዚያች ቀን ድረስ ሪሞት የሚባል ነገር ትዝ ብሏትም አያውቅ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ጭቁን ሆና ተገኘች። ሦስት ቀን ሙሉ የባሏን ሸሚዝ አልተኮሰችም። ሾፌሩ በተጨማደደ ሸሚዝ መሪ ጨብጦ ከተማውን ሲዞር፣ አማቹን የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አውርዶ የመመለስ ሐሳብ መጥቶበት እንደነበር በኋላ ራሱ አምኗል።

ሦስተኛው መጽሐፍ ደግሞ ቤተሰብ ማለት ሰዎች በዕለት ተዕለት ንግግራቸውና ምልክታቸው የሚሰጡት ትርጉም ነው አለ። ይህን ሐሳብ ቶሎ የተረዳችው የስምንት ዓመቷ ትንሿ ልጅ ነበረች። በማግስቱ አልጋዋ እንደተተረማመሰ ተገኘ። እናቷ ስትቆጣት፣ አልጋው ተነጥፏል፣ የመነጠፍን ትርጉም የምሰጠው እኔ ነኝ ብላ ፊት ለፊት ተከራከረች። ጋሽ ጥናቱ ከኩራት ብዛት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ልብስ ሰፊዋም መቀሷን አስቀምጣ ተማሪዋንም መምህሩንም አንድ ላይ አልጋ አስነጠፈቻቸው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የወጥ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ሥዕል ነው። ጋሽ ጥናቱ እህታቸው ልብስ ከምትለካበት ትልቅ ወረቀት ቀደው የቤተሰቡን መዋቅር ነድፈውበታል። ዙሪያውን በተሰመረ አንድ መስመር ውስጥ አራት ክቦች አሉ፤ አባት፣ እናት፣ ትልቋ ልጅ፣ ትንሿ ልጅ። ከመስመሩ ውጭ፣ ጥጉ ላይ፣ አንዲት ነጥብ አለች፤ አጠገቧ «ተመልካች» ተብሎ ተጽፏል። ትልቋ ልጅ ለምን ውጭ እንደሆኑ ስትጠይቃቸው፣ ተመራማሪ ከሚያጠናው ነገር ውስጥ ከገባ ጥናቱ ይበላሻል አሏት።

ከውጭ የቆሙት እኚህ ተመልካች ታዲያ በየጠዋቱ ትንሿን ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። ዳቦ ገዝተው ይመለሳሉ። የልጆቹ እግር እንዳይወጋ ከስፌት ክፍሉ ወለል ላይ የወደቀውን መርፌ በማግኔት ይለቅማሉ። ለምን እንዲህ ይደክማሉ ያላቸው ሰው ካለ መልሱ አንድ ነው፤ የመስክ ሥራ ነው። የመስክ ሥራው የሚሰፍረው በሰማያዊ ደብተር ሲሆን፣ ደብተሩ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ አያውቅም።

ነገር የመጣው በቅጽ ነው። የሚኖሩበት ሕንፃ ሊፈርስ ስለሆነ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ምትክ ቤት ሊሰጥ ቅጽ አደለ። እስከ አራት ሰው ላለው ቤተሰብ ሁለት ክፍል፣ አምስትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሦስት ክፍል። የሚሞላው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። የጋሽ ጥናቱ የእጅ ጽሑፍ በጣም ከማማሩ የተነሳ ሰው ያደንቀዋል እንጂ አያነበውም። ባልና ሚስትም አድንቀው ፈረሙ። ሁለት ወር ቆይቶ ደብዳቤው መጣ፤ የቤተሰብ ብዛት አራት፣ የተፈቀደ ቤት ሁለት ክፍል፣ ቅሬታ ያለው በሦስት ቀን ውስጥ ያመልክት።

ልብስ ሰፊዋ በጣቷ ቆጠረች። ሾፌሩም ቆጠረ። ትንሿ ልጅ ከመጨረሻው ጀምራ ወደ ኋላ ቆጠረች። በየትኛውም በኩል አምስት ነው።

«ጋሼ፣ ራስህን የት ጻፍክ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ቅጹ የሚለው የቤተሰብ አባል ነው። ጥናቱ እንደሚያሳየው ደግሞ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር…»

«የት ልትኖር ነው?»

ጋሽ ጥናቱ የቤተ መጻሕፍቱ ዕቃ ቤት ውስጥ አልጋ እንዳለ፣ ለሥራም ቅርብ እንደሆነ፣ እንዲያውም ጸጥታው ለማንበብ እንደሚመች አስረዱ። ልብስ ሰፊዋ ክፍላቸው ገብታ ከአልጋው ሥር ተመለከተች። ከሁለቱ ካርቶኖች አንዱ የለም።

ያኔ ነገሩ ስህተት ብቻ እንዳልሆነ ገባት። ወንድሟ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በቃህ እባላለሁ ብለው ሲፈሩ ኖረው፣ ሳይባሉ ራሳቸውን ሰርዘዋል። ሆዷ ባባ። ቀጥሎ ተናደደች፤ ከሁለቱ መናደዱ ስለሚቀላት እሱን ይዛ ቀጠለች።

በማግስቱ ሾፌሩ ተረኛ ስለነበር፣ እሷ ወንድሟን በአንድ እጇ፣ ትንሿን ልጅ በሌላ እጇ እየጎተተች ጽሕፈት ቤቱ ደረሰች። የመስኮቷ ኃላፊ ማኅተሟን ከፊቷ አስቀምጣ፣ አምስተኛው ሰው የቤተሰብ አባል መሆናቸው ከታመነበት ይስተካከላል አለች። ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ክቡር ሊቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው በራሳቸው ላይ ይመሰክሩ ጀመር። የእናት ወንድም በጠባቡ ትርጉም እንደማይካተት፣ በሰፊው ትርጉም ቢካተትም ቅጹ የትኛውን ትርጉም እንደተከተለ ግልጽ እንዳልሆነ ደራሲና ዓመተ ምሕረት እየጠቀሱ አብራሩ። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። አንድ ሽማግሌ አጎት ካልተቆጠረ ማን ሊቆጠር ነው ብለው ተቆጡ፤ ከኋላቸው ያለች ሴትዮ ደግሞ እንደ አጎቱ ነው አለች፣ የራሷን አጎት ታውቃለችና።

«ታዲያ እርስዎ እዚያ ቤት ምንድን ነዎት?» አለች ኃላፊዋ።

«ተመልካች።»

ኃላፊዋ ቅጹን አገላብጣ አየችው። «ተመልካች የሚሞላበት ቦታ የለኝም» አለች።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ወንድሟ ኮት ሰደደች። ኪሱን የሰፋችው እሷ ናት፤ ጥልቀቱን ታውቀዋለች። ጋሽ ጥናቱ ደረታቸውን ሳይሸፍኑ ሰማያዊው ደብተር እጇ ገብቷል።

«ጥናቱ እንደሚያሳየው» አለችና አነበበች።

«ሰኞ። የትንሿ ጥርስ ወለቀ። አለቀሰች። እኔም ትንሽ። ጥናቱ ተበላሽቷል።

«ረቡዕ። የሙሽራ ልብስ ደርሶባት እህቴ ቀኑን ሙሉ አልበላችም። ዳቦና ሻይ ወሰድኩላት። ተመልካች ሻይ አያፈላም። ጥናቱ ተበላሽቷል።

«ዓርብ። ሾፌሩ አርባ ደቂቃ ዘገየ። ፌርማታው ድረስ ሄጄ ጠበቅኩት። ሲመጣ በዚያ የማልፍ መሰልኩ። ጥናቱ ተበላሽቷል።»

ገጽ ገለጠች፤ ሌላም ገለጠች። ሁሉም የሚያልቀው በዚያው ቃል ነው። ደብተሩን በመስኮቱ በኩል ለኃላፊዋ ሰጠቻት። ኃላፊዋ ለሥራዋ ከሚያስፈልጋት በላይ አነበበች። ከዚያ አራት የሚለውን ሰርዛ አምስት ጻፈችና ዝምድና በሚለው ቦታ ላይ ብዕሯን አቁማ ጋሽ ጥናቱን ቀና ብላ አየቻቸው።

ጋሽ ጥናቱ አፋቸውን ከፈቱ። ትንሿ ልጅ ጥናቱን ልትሰማ አንጋጠጠች። ምንም ጥናት አልመጣም።

«ወንድሟ ነኝ» አሉ።

ማኅተሙ ተመታ።

አሁን አዲሱ ቤት ገብተዋል፤ ሁለቱም ካርቶኖች ከአልጋቸው ሥር ናቸው። የወጥ ቤቱ በር ላይ አዲስ ሥዕል ተለጥፏል። መስመሩ ውስጥ አምስት ክቦች አሉ፤ የጋሽ ጥናቱ ክብ ከአራቱም ይተልቃል። ሊቁ ደግሞ ስለ መኖሪያ ቤት መጣበብ አዲስ መጽሐፍ ጀምረዋል፤ ትናንት ምሳ ላይም ሦስት ክፍል ለአምስት ሰው እንደማይበቃ በማስረጃ አስረዱ። ሾፌሩ ሪሞቱን ይዞ ወደ መኝታ ቤቱ ሸሸ። ልብስ ሰፊዋ፣ ቅጹን ቀድጄ ዕቃ ቤት እሰድሃለሁ ብላ ዛተችባቸውና ኮታቸውን አስወልቃ ወደ ማሽኗ ሄደች። አዲሱ ደብተራቸው ወፍራም ስለሆነ የድሮው ኪስ አልበቃውም።