ተባይ የጠፋባቸው ሊቀ መንበር

ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ፣ በጀርመን ኦልደንበርግ ከተማ የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ ለምናረባ የአኳሪየም ማኅበርተኞች፣ የተሰጡን ክቡር ሊቀ መንበር አቶ ሂንሪክ ቶንየስ ናቸው።

አቶ ቶንየስ ሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት አኳሪየሙን ነው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ባትሪ አውጥተው በድንጋዮቹ ስንጥቅ ያበራሉ። የሚያሳድዱት የመስታወት ጽጌረዳ የምንላትን፣ ድንጋይ ላይ የምትጣበቅ አበባ መሳይ ተባይ ነው፤ ስሟ ያምራል እንጂ እንደ አረም ትራባለች፣ ገንዳውን የሚያስጌጠውን ሕይወት ያለው ኮራልም እየለበለበች ትገድላለች። አንዲት ካገኙ "አንድ ካለ መቶ አለ" ይላሉ፤ የባለቤቱም ስም ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ቃለ ጉባኤው በየወሩ ይነበባል፣ ከቢራው በፊት። አንድ ጡረተኛ ዳኛ ስማቸው ሁለት ወር ተከታትሎ ቢነበብ፣ ዓሣቸውን ሸጠው ንብ ማርባት ጀምረዋል።

የራሳቸው አኳሪየም እንደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ንጹሕ ነው። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። ባለፈው መስከረም መጨረሻ፣ የተደበቀች ተባይ ካለች ብለው፣ ዛጎል የሌላቸው ስድስት የሞቃት ባሕር ቀንድ አውጣዎች ገዙ። ጥፍር የሚያህሉ፣ ግንባራቸው ብርቱካናማ፣ ጀርባቸው ጫፉ ነጭ በሆነ ሰማያዊ ጸጉር መሳይ ነገር የተሸፈነ። እነዚህ ፍጥረታት ከመስታወት ጽጌረዳ በቀር ምንም አይቀምሱም። ክቡርነታቸው ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ጠላት ሲያሳድዱ ኖረው፣ ለእንግዶቻቸው አንዲት ጉርሻ አላስቀሩም።

በጥቅምት ስብሰባ ላይ ሊናገሩ ቆሙ። ቀንድ አውጣዎቹ እህል ከቀመሱ ስድስት ቀን እንደሆናቸው፣ እየኮሰመኑ እንደሆነ፣ ሳምንት እንደማይቆዩ ተናገሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ለመሆኑ የመስታወት ጽጌረዳ ያለው ሰው አለ?"

አሥራ አራት ሰው ቢራውን መመልከት ጀመረ። ወይዘሮ ላመርስ፣ ቤታቸው ያለውን በዓይኔ ያየሁት፣ "እኛ ዘንድ? እግዜር ይጠብቀን" አሉ።

"እርስዎ አይደሉ እንዴ ጨርሰው ያጠፉልን፣ ሊቀ መንበር?" አለ አንዱ ከጥግ።

ተሳቀ። አቶ ቶንየስ ግን የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው ቀሩ።

ባለቤቴ ጌርድ በመጋቢት ካረፈ ወዲህ አኳሪየሙን ለማንም አላሳየሁም። የተነነውን ውሃ እተካለሁ፣ መብራቱን አበራለሁ፣ በቃ።

"እኔ ጋ አለ" አልኩ። "ከብዛቱ ድንጋዩ አይታይም።"

በማግስቱ መጡ። ባትሪያቸውን አበሩ። ስብከት ስጠብቅ ካፖርታቸውን አወለቁ።

"ወይዘሮ ብሩንስ" አሉ፣ "ይሄማ ድግስ ነው።"

ስድስቱን እኔ ቤት አሰፈርናቸው። በሦስተኛው ሳምንት መስታወቱ ላይ እንደ ነጭ ክር የተጠቀለለ እንቁላል ታየ፤ እስከ ገና ተፈልፍለው ሠራዊት ሆኑ። የጌርድ አረንጓዴ ኮራል ከተባዩ ሥር፣ ከተቀበረበት ወጥቶ ተከፈተ። ያን ጊዜ ማኅበሩ በሙሉ ተናዘዘ። ወይዘሮ ላመርስ "ጥቂት ብቻ አለችኝ" ብለው ሃያ ቀንድ አውጣ ወሰዱ። ሊቀ መንበሩ ድሉን ከመነሻው እንዳቀዱት አድርገው ተቀበሉ።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ የቅቤ ኬክ ይዘው ይመጣሉ። ቀንድ አውጣዎቹን ይቆጥራሉ፣ ሃያ ዓመት ስለማውቀው የጨው መጠን ያስተምሩኛል፣ ቤቱም የሰው ድምፅ ይሰማል። አኳሪየሙ ፈጽሞ ከጸዳ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ይራባሉ፤ ወደ ሌላ ቤት መሄዳቸው ነው፣ እሳቸውም ተከትለው። ስለዚህ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ፣ ማሞቂያና መብራት የተገጠመለት አንድ ባልዲ አለኝ። ዓርብ ዓርብ ተባይ የሞላበት ድንጋይ ከዚያ አውጥቼ አኳሪየሙ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሁሉን አዋቂው ሊቀ መንበር ተባዩ ከየት እንደሚመጣ እስካሁን አልደረሱበትም። ቅዳሜ ያገኙታል፤ አምርረው ይቆጣሉ፤ እኔም ኬኩን እቆርሳለሁ።