ጋሼ ቀስ የመርፌው ተቆጣጣሪ

በየቤተሰቡ እጁን ኪሱ ከትቶ ሌሎችን የሚያሠራ አንድ ሰው አለ። ሚስማር ሲመታ "ትንሽ ወደ ግራ!" ይላል፤ ቁም ሣጥን ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ መንገድ ይመራል። መዶሻውንም ቁም ሣጥኑንም ነክቶ አያውቅም። የሰፈራችን ሰዓት ጠጋኝ አጎት የእንዲህ ዓይነቶቹ ሁሉ ሊቀ መንበር ናቸው። ቤተሰቡ "ጋሼ ቀስ" ይላቸዋል።

ሰዓት ጠጋኙ ሄሞፊሊያ አለበት፤ ደሙ አንዴ መፍሰስ ከጀመረ ቶሎ አይረጋም። ይባስ ብሎ፣ ሌሎቹን የሚያድነውን መድኃኒት የእሱ ሰውነት እንደ ሌባ አሳድዶ ያባርረዋል። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ታዘዘለትና፣ ደም ውስጥ ውስጡን ፈስሶ ጉልበቱ ማበጥ ሲጀምር እቤቱ በጥብጦ ደም ሥሩን ራሱ እንዲወጋ አንዲት ነርስ አሠለጠነችው። ከዘገየ መገጣጠሚያው ይበላሻል።

የሠለጠነው እሱ፣ የተመረቁት ግን ጋሼ ቀስ! የመድኃኒቱ ብልቃጥ ሲከፈት ከተፍ ይላሉ።

"ቀስ! አትነቅንቀው፣ በመዳፍህ አንከባለው እንጂ! እጅህን ታጥበሃል? አየሩን አስወጣ!"

"ጋሼ፣ እርስዎ ሲጮሁ እኮ ነው የምደነግጠው።"

"ደንግጥ! ግን ቀስ ብለህ ደንግጥ!"

አንድ ቅዳሜ ክቡር ተቆጣጣሪው ሰርግ ሄዱ። ሰዓት ጠጋኙ "ተገላገልኩ" ብሎ ሳይጨርስ ጉልበቱን ይሞቀው፣ ይወጥረው ጀመር። መድኃኒቱን በጠበጠ። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ቅንጣት የምታህል ብሎን የሚያስር እጁ ደም ሥሩን ወጋ፣ ሳተ። ደግሞ ሳተ። ጉልበቱ እያየው ያብጣል። በጣም ፈራ። ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ደወለ።

"ጋሼ፣ እምቢ አለኝ! እባክዎ ይጩሁብኝ!"

ጋሼ መጀመሪያ ሙዚቀኞቹ ላይ ጮኹ፤ ሙዚቃው ቆመ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። "የሳትከውን ቦታ በጥጥ ተጭነህ እሰረው! አሁን ሌላኛውን ክንድህን! ጨብጥ! ተንፍስ! ቀስ… ቀስ ብዬሃለሁ!"

መርፌው ገባ።

"ገባ ጋሼ! እዚህ ቆመው የሚያዩኝ እኮ ነው የሚመስለው!"

ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መቼ አይቼህ አውቃለሁ፣ ልጄ? ደም ካየሁ እወድቃለሁ። ሁሌም ዓይኔን ጨፍኜ ነው።"

"ታዲያ ለምን ይመጣሉ?"

"ብቻህን ስትወጋ እቤቴ ቁጭ ልበል?"

ሰዓት ጠጋኙ ሳቁም እንባውም አብረው መጡበት፤ መድኃኒቱን ገፍቶ እስኪጨርስ ሁለቱንም እንደምንም ያዛቸው። እኚህን ጯሂ ሰው ለካ እንዲህ ይወዳቸው ኖሯል!

በሚቀጥለው ጊዜ፣ ብልቃጡን ከመክፈቱ በፊት አንድ ወንበር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስቀመጠላቸው። ጋሼ ቀስም ካፖርታቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ግድግዳው ላይ አፍጥጠው መጮህ ጀመሩ።