ሳልወርድ ያለፍኩት ዳገት

ብስክሌት ሩቅ ለመንዳት እግርና ሳንባ ይበቃል የሚሉ ሰዎች የመካነ ሰላምን መንገድ አያውቁትም። በስልኬ የማያቸው መካሪዎች «በየቀኑ ትንሽ ጨምሩ፣ ዳገት ላይ አትቸኩሉ» ይላሉ። ደግ ምክር ነው። ስለ ሰላምታ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ዙሪያ ጥምጥም የምሄደው ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ለማውጣት ድፍረት አጥቼ ነው፤ ታገሡኝ።

በመምህርነት የተመደብኩበት የገጠር ትምህርት ቤት ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እዚያው ቤት እንዳልይዝ አባቴ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔ በቀር የሚያያቸው የለም፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ልጆችን ቁርአን ሲያስቀሩ፣ ሲያስተምሩ የኖሩ ሼኽ ናቸው። ልጃቸው ብስክሌት ላይ ወጣች ቢባሉ ምን እንደሚሉ አላውቅም። አፍሬ አልጠየቅኋቸውም። ጓደኛዬ ዘይነባ ወንድሟ ትቶት የሄደውን ብስክሌት ሰጠችኝና፣ ትምህርት እስኪከፈት፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እሳቸው ከደረሳዎቻቸው ጋር መስጊድ ሲቆዩ እኔ እለማመድ ጀመር።

መጀመሪያ እስከ ከተማው ጫፍ። ቀጥሎ እስከ ወፍጮ ቤቱ። ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ያለው ረጅም ዳገት ግን እንቢ አለኝ። በሶ በጥብጬ ጠጣሁ፣ ማርሽ ቀነስኩ፤ ምንም። ጥፋቱ የሳንባዬ አልነበረም። በእኛ ዘንድ በቅሎ ላይ ያለ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ወርዶ ሰላም ይላል፤ አባቴ በልጅነቴ ያስተማሩኝ ነው። እኔም ከብስክሌቱ እወርዳለሁ። እንዴት አደሩ? ልጆቹ? ከብቱ? አዝመራው? አልሐምዱሊላህ ተባብለን ስናበቃ፣ ዳገት ላይ እንደገና መነሣት የለም፤ መግፋት ነው። ጥቂት እንደሄድኩ ሌላ ሽማግሌ። ወንዶቹ ብስክሌተኞች እጃቸውን እያወዛወዙ ያልፋሉ፤ ማንም ቅር የሚለው አይመስለኝም ነበር።

«አንቺ ብስክሌት መች ነዳሽ?» አለችኝ ዘይነባ። «ሰላምታ ነው የምታድይው! የሼኽ ልጅ መሆንሽን ዳገቱ አያውቅልሽም። አንድ ቀን እንኳ አንገትሽን ደፍተሽ እለፊ!»

አንድ ማለዳ እሺ አልኳት። ሻርፔን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩ። ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ሽቅብ ያዘግማሉ። የጎማውን ድምፅ ሲሰሙ ዳር ይዘው ቆሙ፤ ዞሩ፤ ከዘራቸውን ወደ ግራ አዛውረው እጃቸውን ዘረጉ። አጠገባቸው ስደርስ አየኋቸው።

አባቴ ናቸው። የታመመ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ ከመስጊድ በቀጥታ ወጥተው ኖሯል።

መውረድ እችል ነበር። እግሬ ግን መርገጡን አላቆመም።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሳላርፍ ደረስኩ።

ከሰዓት በኋላ እግራቸውን እየታጠቡ፣ «ዛሬ አንድ ብስክሌተኛ ሳይወርድ አለፈኝ» አሉ። «እጄን ዘርግቼ ቀረሁ።»

«ያልተመከረ ልጅ ይሆናል፣ አባዬ።»

«አላህ ያቅናው። እኔን የሚያሳዝነኝ ያሳደገው ሰው ነው።»

እስኪያርፉ ድረስ፣ በየቀኑ ከሥራ ተመልሼ እራታቸውን አቀረብኩላቸው። በመኪና የምመላለስ ይመስላቸው ነበር። እኔም አላረምኳቸውም።

ዛሬ ያን ዳገት በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው እችላለሁ። ወገቡ ላይ ስደርስ ግን እወርዳለሁ፤ ሰው ባይኖርም። ማገዶ የሚለቅሙ ሴቶች እያዩኝ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ነድታ ይችን ዳገት አትችላትም! ምስኪን፣ ትንፋሽ አልፈጠረባትም» ይባባላሉ።

እንዴት አደራችሁ ብያቸው፣ እየገፋሁ አልፋለሁ።