የትሪው አጣሪ ኮሚቴ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ያለ ኃላፊ ሊከርም ይችላል። ያለ መብራትም፣ ያለ ኢንተርኔትም ከርሟል። ምሳ ሲቀርብ «ውስጡ ምን አለ?» የሚል ሰው ሳይኖረው ግን አንድ ቀን አያድርም። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። አምስት ሰው እጁን ታጥቦ፣ ትሪው ቀርቦ፣ ወጡ እየጨሰ፣ እሱ አንገቱን አስግጎ ምግቡን ይመረምራል።

የእኛ የተከበሩ አቶ ኤርሳዶ ይባላሉ። በወረቀት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። በእኛ ዘንድ ግን ብቻቸውን ሰብሳቢም፣ ጸሐፊም፣ አባልም የሆኑ አጣሪ ኮሚቴ ናቸው። አንቱ ያልኳቸው ለወጉ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳዬን ያቀዘቀዘ ሰው ስለሆነ ከዚህ በኋላ አንተ እለዋለሁ።

ለውዝና ሰሊጥ አይስማሙትም። ይሄ ወንጀል አይደለም። ሳያውቅ የቀመሰ ቀን ከንፈሩን ያሳክከዋል፣ ዓይኖቹ ደም ይለብሳሉ፣ ሽፋሽፍቱ ሥር እስኪያብጥ ያሻል። «አፌ የበላውን ዓይኔ ነው የሚናገረው» ይላል። እሺ፣ ይናገር። ግን ሰው በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቃል?

ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ከቢሯችን ጀርባ ሙሉነሽ የምትባል ሴት ቤት ነው የምንበላው። የጾም በያይነቱ ይመጣል።

«ሙሌ፣ ሽሮው ውስጥ ምን አለ?»

«ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ! ምንም የለበትም።»

«ምንም ከሌለበት ለምን ይጣፍጣል?»

አንድ ቀን ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ የቅመም ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ አሸተተ። ወጥ ሠሪዋ ሽርጧን ፈትታ «ወይ እኔ ወይ እሱ» አለች። እሱ ተረጋግቶ ሲመለስ እኛ እንጀራው ደርቆብን ስልካችንን እየነካካን ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለና ተቀመጠ።

ሰሊጥ በፍትፍት የመጣ ቀን ደግሞ እንጀራ ጠቅልሎ ትሪው መሀል ድንበር ይሠራል። ከዚያ ወዲህ የእሱ ምስር፣ ከዚያ ወዲያ የእኛ ፍትፍት። ሾፌራችን ገረመው ረስቶ ፍትፍት የነካ እጁን ወደ ምስሩ ከዘረጋ ምሳው እንደገና ይቆማል። «ለምን ለብቻህ አታዝም?» ብለነው ነበር። ፊቱ ክው አለ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማችሁም?» አለን። ከእኛ ጋር መብላት ይፈልጋል፤ እኛ እንድንበላ ግን አይፈልግም።

ከሁሉ የከፋው የባልደረባችን የቤቴል ጉርሻ ነው። ቤቴል እድገት ያገኘች ቀን ጋበዘችንና ለሁላችንም እየዞረች አጎረሰች። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው፤ ማንም ጉርሻ አይመረምርም። ኤርሳዶ ግን ከእጇ ተቀብሎ፣ በጣቶቹ ፈታ፣ ውስጡን አየ፣ መልሶ ጠቀለለ፣ ከዚያ ጎረሰ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ በዚያ ላይ! ቤቴል ሁለት ወር አላናገረችውም። እኔም እሷን ደግፌ ነበር።

የእኔ ልጅ ፀደንያ ሰባት ዓመቷ ነው። ያለፈውን ዓመት ዓይኗን ስታሽ ነው የከረመችው። ለሚ ኩራ ነው የምንኖረው፤ ኮንዶሚኒየማችንን አራት ጅምር ሕንፃዎች ከበውታል፣ የሲሚንቶው አቧራ በመስኮት ይገባል። ጠዋት ዓይኖቿ በዓይናር ተጣብቀው ትነሳለች። አስተማሪዋ ሰሌዳው ስለማይታያት ፊት አስቀመጠቻት። ሐኪሟ አለርጂ ነው አሉ። ከማሻሸት ብዛት ብሌኗ እየተጫረ ስለሆነ እንዲህ ከቀጠለች ጠባሳ ጥሎ እይታዋን እንደሚጎዳውም ነገሩኝ። ክንዷ ላይ የአለርጂ ምርመራ ሲያደርጉላት አቧራና ለውዝ እንደማይስማሟት ታወቀ። ዓይኗን በዋናነት የሚያስቸግረው አቧራው ቢሆንም ለውዙ እንደሚያባብሰው አስረዱኝና፣ «ለውዝ ትበላለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ኧረ ዶክተር፣ ለውዝ ቤታችን አይገባም!» አልኩ በኩራት።

ስለዚህ ስለ ለውዙ ቤት ውስጥ ለማንም ሳልናገር ከአቧራ ጋር ጦርነት ገጠምኩ። መጋረጃ አጠብኩ፣ ምንጣፍ ጣልኩ፣ መስኮት በፕላስተር ለጠፍኩ። የታዘዘላትንም የዓይን ጠብታ ሰዓቱን ሳላዛንፍ አደረግሁላት። ለውጡ ትንሽ ነበር። ይህን ምሳ ላይ ሳወራ ኤርሳዶ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ።

«የሚብስባት መቼ ነው?»

«ማታ ማታ።»

«ከእራት በፊት ነው በኋላ?»

«ኤርሳዶ፣ ልጄ ትሪ አይደለችም፤ ተወኝ!» አልኩት። አልተወኝም። እሁድ ቀን አንድ ኪሎ ብርቱካን አንጠልጥሎ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ደረጃውን ወጥቶ መጣ።

የባለቤቴ የመሐሪ እናት፣ እማማ ፈለቀች፣ አብረውን ነው የሚኖሩት። ሽሮአቸው በዘመድ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ፀደንያ ያለ እሱ እራት አትበላም። እንዴት እንደሚያዘጋጁት ግን የሚያውቅ የለም። ወደ ወፍጮ ቤት ከመላካቸው በፊት በር ዘግተው ነው የሚደባልቁት። እኔ ዘጠኝ ዓመት ምራታቸው ሆኜ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ነውር ነዋ! ያ ሽሮ ቀረበ። ኤርሳዶ አንገቱን ሲያሰግግ እግሩን በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት።

«እማማ፣ ውስጡ ምን አለ?»

«ሽሮ ነዋ ልጄ! ምን ይኖረዋል?»

«አተር ነው?»

«አተርም ሽምብራም አለው።»

«በሶብላ? ኮረሪማ? ነጭ አዝሙድ?»

«እንዴታ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የእጄ ሙያ ነው» አሉ እየሳቁ።

«እጅዎ ላይስ ምን ነበር?»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እማማ ፈለቀች ወደ እኔ አዩ፣ ወደ በሩ አዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለማንም እንዳትናገር። ወፈር እንዲል ትንሽ ለውዝ ቆላ አድርጌ እጨምራለሁ።»

ፀደንያ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ዓይኗን ማሸት ጀምራ ነበር። ሳህኑን ከፊቷ አነሳሁት። በአማቴ ተናደድኩ፣ ከእሳቸው ይበልጥ ደግሞ በራሴ። ሐኪም ፊት ቆሜ ምዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። እማማ ፈለቀች ራሳቸውን ይዘው «ወይኔ ልጄን! በገዛ እጄ!» እያሉ አለቀሱ።

ኤርሳዶ ከወንበሩ ተነስቶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ አያልቅሱ። እኔም ልጅ ሆኜ ዓይኔን እያሸሁ ነው ያደግሁት። ሁሉም አቧራ ነው አለ። እናቴን ምን አበላሽው ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።» ቀና ሲል የግራ ዓይኑ ብሌን ላይ ያለችውን ነጭ ጠባሳ አየኋት። ስድስት ዓመት ከአንድ ትሪ ስንበላ አላየኋትም ነበር። በጣም አፈርኩ። እሱ ግን ወዲያው «ዘይቱስ የምንድን ነው?» አለ።

ሽሮው ያለ ለውዝ ተፈጨ። አቧራው እንዳለ ነው፣ ጠብታውም አልቀረም። የማታው እብጠት ግን ጠፋ። ሐኪሟ ጭረቱ እየዳነ ነው አሉኝ፤ ፀደንያም ክፍሏ ውስጥ ወደ ቀድሞ ቦታዋ፣ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ተመለሰች።

በወሩ ኤርሳዶን ራሴ ምሳ ጠራሁት። በልተን ስንጨርስ ፀደንያ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና ትክ ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ጥርስህ ላይ ጎመን አለ።»

«የቱ ላይ? ከላይ ነው ከታች?»

«ከላይ።»

«በየት በኩል?»

«በግራ። ትንሽዬ ናት፣ እዚህ ሆኜ ግን ትታየኛለች።»

«ግንዱ ነው ቅጠሉ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ኤርሳዶ፣ በቃ!» እል ነበር። አሁን ግን አገጬን በእጄ ደግፌ፣ ጥያቄው እስኪያልቅ ጠበቅሁ።