ወፍ የለም

ሰው ከአገሩ ሲወጣ ወይ ጾም ያበዛል፣ ወይ ስፖርት ይጀምራል፣ ወይ ወፍ ያያል። የሦስተኛው ወገን ሊቀ መንበር ጎረቤቴ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሊፍት ሲጠግኑ ጨለማ ውስጥ ይውሉና ቅዳሜ አንገታቸው ላይ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንጠልጥለው ክቡር የወፎች አምባሳደር ይሆናሉ።

እኔ ዶሮና ርግብ መለየት እንኳ ያስቸግረኛል። የምከተላቸው ለአማርኛ ስል ነው። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ አምስት ቀን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው "እሺ" ብቻ ነው፣ እሱም በሰው ቋንቋ። በዚህ ከተማ አማርኛ የሚሰማ ከእሳቸው ሌላ አላውቅም። እሳቸው ደግሞ ዝምታ ይወዳሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር፣ ሸምበቆ ውስጥ በሆዳችን ተኝተናል።

"ጋሼ፣ ትናንት አለቃዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው..."

"እንዳትተነፍስ።"

"በሹክሹክታ ልንገርዎት?"

"አንተ ልጅ፣ ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል። አንተ በሰው አገር ትጮኻለህ።"

ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ቆየን። ካልሲዬ ውስጥ ጉንዳን ገባ፤ እሱንም ቢሆን ላዋራው ዳድቶኝ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ግራጫ ወፍ አፍንጫዬ ስር ስታርፍ አላስችል አለኝና "ያቻትና!" አልኩ። ሐይቁ ላይ የነበረው ሁሉ ብር ብሎ ሄደ።

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አውርደው አዩኝ። "ወፍ የለም" አሉ። በአራዳ ቋንቋ ይሁን በቁሙ አልገባኝም።

ተቀየምኩ። ሁለተኛ አብሬያቸው እንደማልወጣ ልነግራቸው አፌን ሳሟሽ፣ እሳቸው ወገቤን ላፍታታ ብለው ወደ ዛፎቹ ሄዱ። መዝገባቸውን አጠገቤ ትተውት ነበር።

በዚያ መዝገብ ድንቢጥ እንኳ ሳትቆጠር አታልፍም፣ ያውም ከነሰዓቷ። ጉንፋን ጥሎኝ የቀረሁባቸውን ሦስት ቅዳሜዎች ፈለግሁ። እኔ ሳልረብሻቸው ስንት ወፍ አፍሰው ይሆን ብዬ ነው።

በሦስቱም ቀን የተጻፈው አንድ ነው፦ "ወፍ የለም።"

ድኜ የመጣሁበትን ቅዳሜ ገለጥኩ። "ስድስት ዳክዬ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ወፍ። አንድ ለፍላፊ፣ ያገር ቤት። ጉንፋኑ ለቆታል፣ ድምፁ ገና ሻካራ ነው።"

ለካ እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ። መዝገቡን ቦታው መለስኩና አፌን ዘጋሁ።

ተመልሰው አጠገቤ ተኙ። አንድ ዳክዬ ሐይቁ ላይ አረፈ፤ እኔ ጭጭ። ጥቂት ቆይተው በጎን አዩኝ።

"አመመህ እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ አለቃህ ምን አለህ?" አሉ፣ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሱ። "በሹክሹክታ ግን።"