ሚክዳድ ወልደ ናስቲሆ ታብሌት ይዞ ወደ ገንደ ቆሬ ስለ ዘመተባት ቀን

በዘመነ ሚክዳድ ወልደ ናስቲሆ፣ እርሱም መፍቀሬ መኝታ፣ ገባሬ ሕልም፣ ሰላምታ ሸሺው ሚክዳድ የተባለው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በፈጸመ በሦስተኛው ዓመት፣ ፍራሹ በጎኑ ቅርጽ በጎደጎደ በሁለተኛው፣ ምርጫ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ መራጩ ምን እንደሚያስብ የሚጠይቅ አንድ ድርጅት ወደ ድሬዳዋ መጥቶ ሠራተኛ ፈለገ፤ ሌላ ሰው ስላልተገኘም እርሱን ሾመው፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ሥዩመ ታብሌት ተባለ።

የድርጅቱ አለቃ ዘርዓብሩክም እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ታብሌቱ ያወጣውን ቤት እንጂ በሩ የተከፈተውን ቤት አታንኳኳ! ከቤተሰቡም ዕጣ የወደቀበትን እንጂ ደጅ የተቀመጠውን አትጠይቅ! አንዱን በሌላው የተካህ ቀን ታብሌቱን ታስረክባለህ!» እናቱ ናስቲሆም በበኩሏ አወጀች፦ «ታብሌቱን ያስረከብክ ቀን፣ ወላሂ፣ በማግስቱ የአጎትህ የወርሳሜ መኪና ላይ ረዳት ሆነህ መልካ ጀብዱ ድንጋይ ስትጭን ትገኛለህ!» ጀግናውም ድንጋይ መጫንና የሰው በር ማንኳኳት የቱ እንደሚከፋ ሲመዝን ሻዩ ቀዘቀዘ።

ወእምዝ ቢስሚላህ ብሎ ወደ ገንደ ቆሬ ሰፈር ዘመተ። ትጥቁም በአንገቱ መታወቂያ፣ በብብቱ ታብሌት፣ በራሱ ላይ የእናቱ አበባማ ጃንጥላ ነበር። ከሠራዊቱም በቀኝ ክንፍ ካርቶን የምታኝክ ፍየል፣ በግራ «ቆጣሪ አንባቢ መጣ! መብራት ሊቆርጥ ነው!» እያሉ የሚያውጁ ሕፃናት፣ በደጀን ደግሞ ተሳፋሪ ያጣው ባለባጃጅ ጦልሃ፣ ጉዱን ለማየት ብቻ በዝግታ እየነዳ ተከተለው።

ነገር ግን የዘመተው ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት ሲተኛ የሚተኛው እርሱ ብቻ ይመስለው ነበርና፣ ድሬ በሙሉ ሱቋን ዘግታ ጋደም እንደምትል አያውቅም፤ ያን ሰዓት ነቅቶ አይቶት አያውቅማ። ታብሌቱ እያወጣለት ያንኳኳው በር ሁሉ በማንኮራፋት መለሰለት። እርሱም ከፍየሏ ጋር የግንብ ጥላ ተካፍሎ ተቀመጠ።

ከተማዋ ስትነቃ ታብሌቱ ዳግም ዕጣ አወጣ፤ ዕጣውም በሂርሲ ቤት፣ ከሂርሲም ቤት በሚስቱ በሃሊሞ ላይ ወደቀ። ሃሊሞ ግን ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ልብስ ልትሸጥ ተመልሳለች፤ በቤት ያሉት ሂርሲና የበርጫ ጓደኞቹ ናቸው፤ እነርሱም ትራስ ተደግፈው፣ ጫታቸውን እየቃሙ፣ ሐሳብ ሞልቷቸው ጠያቂ ያጡ ነበሩ። ሂርሲም አወጀ፦ «ዋሪያ! ና ግባ! የሃሊሞን ሐሳብ ከሃሊሞ በላይ እኔ አውቀዋለሁ። ጻፍ አቦ! እኔ የመረጥኩትን ነው የምትመርጠው!» ጓደኞቹም ተከተሉ፦ «እኛንም ጨምር! ቤት ሙሉ ሰው እያለልህ ለአንዲት ሴት ምን አስሮጠህ?» ትራስ ተዘረጋለት፤ ቀዝቃዛ ለስላሳ ተከፈተለት፤ ከጫቱም ቀንበጡ ተመረጠለት። ፈተናው ጽኑ ነበር፤ በትራስ የሚረታ ሰው ካለ ሚክዳድ ነውና። ነገር ግን የዘርዓብሩክን አዋጅና የወርሳሜን ድንጋይ አሰበ፤ በዕድሜውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቆሞ «አይሆንም» አለ። ለስላሳውን ግን ጨርሶ ወጣ።

ወእምዝ በጦልሃ ባጃጅ ታይዋን ገባ፤ ሃሊሞንም ከቦንዳ ልብስ ክምር ጀርባ አገኛት። እርሷም አወጀች፦ «የአገሩ ሰው አልቆ ነው እኔን የምትፈልገኝ? ቤቴ ወንድ አልሞላም? ከላዬ ላይ ውረድ አቦ፣ ገበያዬን አትዝጋ!» በዚህ ጊዜ ሥዩመ ታብሌት ሦስት ዓመት ያጠራቀመውን ንግግር በአንድ ትንፋሽ አወጀ፦ «እናቴ፣ ቦንዳ ስትገዢ አናቱ ላይ የተደረደረውን ሸሚዝ ብቻ አይተሽ ታምኛለሽ? ክንድሽን ከተሽ ከመሃል አትመዢም? ያንቺ ቤት በርጫ ከላይ የተደረደረው ነው፤ ሁሉም አንድ ቀለም! እኔ ከመሃል እንድመዝ ነው የተላክሁት፤ እጄም አንቺ ላይ አረፈ። አንቺን ካጣሁ ድንጋይ ጫኝ ነኝ!»

ሃሊሞ ሳቀች፤ በርጩማም ሰጠችው። ስለ ውኃው፣ ስለ ስኳሩ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች፤ ያልተጠየቀችውንም ጨመረች። ከዚያ ታላቁ ጥያቄ፣ ማንን ትመርጫለሽ የሚለው ደረሰ። እርሷም አወጀች፦ «እሱን ለሂርሲም አልነገርኩት፣ ላንተ ልነግርህ ነው? ሂድ አቦ!»

ጀግናው «ሊመልሱ አልፈለጉም» የሚለውን ነካ፤ አበቃልኝ ብሎም ታብሌቱን በሁለት እጁ ይዞ ሊያስረክብ ሄደ። ዘርዓብሩክ ግን አይቶ አወጀ፦ «ከራሷ አፍ የወጣ እምቢታ ከባሏ አፍ ከተዋስነው እሺታ ይበልጣል። ነገም ትዘምታለህ!» የወርሳሜም መኪና ያለ እርሱ ወደ መልካ ጀብዱ ሄደ።

በማግስቱ ሂርሲ ከበርጫው ተነሥቶ፣ ይህም ራሱ በታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ነው፣ እስከ ሚክዳድ ደጅ መጣና በሹክሹክታ አወጀ፦ «ዋሪያ፣ ወንድሜ፣ በአላህ... ማንን አለች?» ሥዩመ ታብሌትም ምንም የማያውቅ ሲሆን ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው ዝም አለ፤ ዝምታ ከልጅነቱ የተካነው ብቸኛ ሙያው ነበርና።

እነሆ ሚክዳድ ወልደ ናስቲሆ፣ በትራስ ያልተረታ፣ በአንዲት እምቢታ አገር የመዘነ፣ የማያውቀውን ምስጢር እስከ ዛሬ የጠበቀ! ዘመኑ ይርዘም፤ እንቅልፉም ይመለስለት፤ ዝናው ከገንደ ቆሬ ተነሥቶ ታይዋን ደርሷልና፤ ይህም በባጃጅ ቅርብ ነው፤ በእግር ግን፣ በዚያ ፀሐይ፣ እጅግ ሩቅ ነው።